ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፤ የጦር መሪና ዳኛ

ለዚህ የበዓል መጽሔት ስለ አንድ ስመ ጥር ዳኛ እንድንጽፍ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ትዝ ያለን በታሪክ ትምህርት ያወቅነው አሜሪካዊው ጆን ማርሻል ነበር። ጆን ማርሻል በወጣትነቱ ለሀገሩ ነፃነት ወታደር ሆኖ የተዋጋ፣ ሕግን ከመምህር እግር ሥር የተማረው ለጥቂት ወራት ብቻ የሆነ፣ ኋላም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1801 እስከ 1835 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት የፈረደ ሰው ነው። ብዙ ፕሬዚዳንቶች መጥተው ሲሄዱ እርሱ ከወንበሩ አልተነሣም። ነገር ግን ከመርካቶ ተነሥተን ወደ አራዳ ስንወጣ የአንድ ታላቅ ሰው ስም የተሰጠውን ድልድይ በየጊዜው እንሻገራለን። ድልድዩን የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም፤ ሰውየውን ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። እኒህም ሰው እንደ ጆን ማርሻል ወታደር ነበሩ፤ እንደ እርሱም ገዢዎች ሲለዋወጡ ከሥፍራቸው ሳይነቃነቁ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሩቅ ሀገር መሄዱን ትተን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ታሪክ ለመጻፍ ተስማማን።

አንዳንድ አንባቢ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር እንጂ ዳኛ አልነበሩም ብሎ ይቃወመን ይሆናል። ነገሩ በዛሬው ልማድ ሲመዘን እውነት ነው። ዛሬ ዳኛ የምንለው ሕግ ተምሮ፣ በፍርድ ቤት ተሹሞ፣ ከፍርድ በቀር ሌላ ሥራ የሌለውን ሰው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን ግዛትና ዳኝነት እንደ ሰምና ፈትል አብረው የሚኖሩ ነበሩ። ጭቃ ሹሙ በመንደሩ፣ መልከኛው በጉልቱ፣ ደጃዝማቹም በተሾመበት አገር ሁሉ ዳኛ ነበረ። በፍርዱ ያዘነ ሰው ይግባኝ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣና አፈ ንጉሡ ዘንድ ይደርሳል፤ ከአፈ ንጉሡም በላይ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ችሎት ተቀምጠው የሚሰጡት ፍርድ የመጨረሻው ነበር። ሚኒስትሮችም ከተሾሙ በኋላ እያንዳንዱ ሚኒስትር በመሥሪያ ቤቱ ጕዳይ ላይ የሚነሣውን ክርክር ይዳኝ ነበር። እንግዲህ የመሐል ሰፋሪን ጦር የሚያዝና ሰፊ አገር የሚገዛ ሰው፣ ወደደም ጠላ፣ የብዙ ሺህ ሰው ዳኛ መሆኑ አይቀርም ነበር።

የዚያ ዘመን ሙግት እንዴት እንደሚካሄድ ሳይታወቅ የእኒህን ሰው ዝና መረዳት ስለሚያስቸግር፣ ጥቂት ብንቆይበት አንባቢዎቻችን አይቀየሙንም ብለን እንገምታለን። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ የሚያልፈውን ጨዋ ሰው በንጉሥ ስም አቁመው ዳኝነት ይጠይቁታል። እርሱም ጕዳይ አለብኝ ብሎ ማለፍ ነውር ስለ ሆነበት ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይሰማቸዋል፤ ሊያስማማቸው ባይችል ወደ ሹም ይመራቸዋል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ በአንድ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከበድ ያለ እንደ ሆነም በሰንሰለት ተሳስረው፣ አብረው እየበሉና አብረው እየተኙ ከዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ይቆያሉ። ይህ ቁራኛ ይባላል። ሁለት ጠበኞች በአንድ ሰንሰለት ሆነው አገር አቋርጠው ሲጓዙ ምን ይነጋገሩ ይሆን እያልን እኛ በክፍል ውስጥ ብዙ ስቀናል፤ አንዳንዶቹ በመንገድ ታርቀው እንደሚመለሱም አያጠራጥርም።

ከችሎት ሲቀርቡ ተሟጋቹ ነጠላውን እንደ ሥርዓቱ አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመሬት እየዘለለ፣ ግጥም በሚመስል በተሰካካ ንግግር በላ ልበልሃ እያለ ይሟገታል። ቃሉ እውነት መሆኑን ለማስረገጥ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍላል። ዳኛው ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት በችሎቱ የተቀመጡት ሰዎች ከታናሹ ጀምረው እስከ ታላቁ በየተራ አስተያየታቸውን ይናገራሉ። ከታናሹ የሚጀመረው፣ እኛ እንደሚመስለን፣ ታናሹ የታላቁን ቃል አስቀድሞ ሰምቶ በፍርሃት እንዳይከተለው ነው። በዙፋን ችሎት ደግሞ ፍትሐ ነገሥቱን የሚያውቁ ሊቃውንት መጽሐፉን እየገለጡ አንቀጹን ያሰማሉ። በሌላው ቦታ ግን ፍርዱ የሚፈልቀው ከልማድና ከዳኛው ጭንቅላት ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚገባው፣ የሰውን ልብ የሚያነብና ነገርን ከሥሩ የሚመዝን ሰው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ በቶሎ ስሙ ይነሣል፤ ጨካኝና ጉቦ ወዳድ የሆነም ሰው ብዙ ቤት ያፈርሳል።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ገደማ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በጨቦ ምድር፣ ከኦሮሞ ወገን ነው። የሸዋ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ተማረኩና ወደ ምኒልክ ቤት ገቡ። በዚያም በክርስትና ሥርዓት አደጉ። የጦር ምርኮኛ የሆነ ልጅ ምን ዕድል እንደሚጠብቀው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ የጌታ አሽከር ሆነው፣ ስማቸው ሳይታወቅ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ይህ ልጅ ግን የማረኩትን ሰዎች ቋንቋ፣ ወግና የሙግት ሥርዓት ከባለቤቶቹ በላይ አወቀ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን ልጆች የዮሴፍን ታሪክ በልጅነታችን ስለ ሰማን፣ ይህን ስናነብ ከወንድሞቹ ተለይቶ በባዕድ አገር የሠለጠነው ዮሴፍ በዓይናችን ላይ ይመጣብናል።

ዳግማዊ ምኒልክ ሰውን በዘሩ ሳይሆን በሥራው መርጠው የማሳደግ ልዩ ዓይን ነበራቸው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተማርከው መጥተው በዚያው ቤት አድገው ለታላቅ ማዕርግ የበቁ ናቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ ከታች ተነሥተው በንጉሡ ዘንድ መታመንን ካገኙ በኋላ፣ ከፍ ያለውን ደረጃ የያዙት ከዐድዋ ጦርነት ቀጥሎ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ፊታውራሪ ገበየሁ በጀግንነት ወድቀው ስለ ነበር፣ የእርሳቸው ሥፍራ ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ፊታውራሪ ማለት በጦር ፊት የሚቀድም መሪ ማለት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ግን ከሌሎቹ ፊታውራሪዎች ሁሉ እጅግ ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም እንኳ ራስ ወይም ደጃዝማች የተባሉ መኳንንት ቢበዙ፣ ፊታውራሪው ሲባል ስም ሳይጨመርበት ሁሉም ማንን ማለት እንደ ሆነ ያውቅ ጀመር። ሕዝቡም በመካሪነታቸውና መላ በማግኘታቸው አባ መላ ብሎ ሰየማቸው።

ወዲያው በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. መካከል ወደ ደቡብ ዘምተው ቦረናን ያዙ። የዚያን ጊዜ እንግሊዞች ከምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ሰሜን ይገፉ ስለ ነበር፣ ምኒልክ ወሰናቸውን ለማጽናት ይቸኩሉ ነበር። በኋላም የደቡቡ ወሰን እንግሊዝና ኢትዮጵያ በ1900 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል ተወሰነ። ስለዚህ የዛሬው የደቡብ ድንበራችን በካርታ ላይ የያዘውን መልክ ሊይዝ የቻለው በአብዛኛው በእኒህ ሰው ዘመቻ ምክንያት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ታሪክ ስንጽፍ ውዳሴ ብቻ እንድንጽፍ አልተማርንም። በዘመቻው የተያዘው አገር ሕዝብ ለወታደሩና ለሹሙ ገባር ሆነ፤ የሚገብረውንም ራሱ አልመረጠውም። በተጨማሪም ቦረናዎች ሕግ የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም። በገዳ ሥርዓታቸው ጉሚ ጋዮ የሚባል ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ በዛፍ ጥላ ሥር እየተሰበሰበ ሕግ ያወጣል፣ የወጣውንም ይመረምራል። በጦር የተማረከ ልጅ አድጎ፣ ራሱ ጦር እየመራ ሄዶ፣ የራሳቸው ዳኝነት ያላቸውን ሰዎች ሲያስገብር በልቡ ምን ተሰምቶት ይሆን? ይህን ጥያቄ በክፍላችን አንሥተን ተከራክረን ነበር። ግማሾቻችን በዚያ ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረም አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ መንገድ አለመኖሩ የገባሩን ሸክም አያቃልልም አልን። ክርክሩ ደወል እስኪደወል አላለቀም፤ ዛሬም አላለቀም።

በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአውሮፓ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ የፍርድ ሚኒስትርነቱ ደግሞ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ተሰጠ። በዚያው ጊዜ ገደማ አገሪቱ ለፍርድ ሥራ በስድስት ተከፍላ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ወንበሮች፣ ማለት ዳኞች፣ ተመደቡለት። የዳኝነት ሥራ ከገዢው እጅ ወጥቶ ለብቻው እንዲቆም የተሞከረበት የመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆነ ይህ በታሪካችን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልማድ በአንድ ጊዜ አይለወጥም። ሕዝቡ ዳኛ የሚመርጠው በወረቀት በተጻፈ ሥልጣን ሳይሆን በዝና ነበርና ነገር የጠናበት ሁሉ የጦር ሚኒስትሩን ደጅ መጥናቱን አልተወም።

ስለ እርሳቸው ፍርድ የሚነገረው ተረት ብዙ ነው። ከሁሉ የታወቀው የዛፉ ነገር ነው። አንድ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ሲቈርጥ ሳለ ድንገት ወድቆ ከሥር የነበረውን ሰው ገደለው። የሟቹም ዘመድ ካሣ አልቀበልም፣ ደም በደም ይመለስልኝ ብሎ ጸና። ዳኛው ቢለምኑት፣ ሽማግሌ ቢልኩበት እምቢ አለ። በመጨረሻም ዳኛው የጠየቅኸው ተፈቅዶልሃል፣ ነገር ግን ገዳዩ ባጠፋበት ዐይነት መጥፋት ስላለበት፣ እርሱ ከዚያው ዛፍ ሥር ይቀመጥ፣ አንተም ዛፉ ላይ ወጥተህ ውደቅበት ብለው ፈረዱ። ከሳሹም ዛፉን ቀና ብሎ ካየ በኋላ ካሣውን ተቀብሎ ሄደ። ፍርዱን ልብ ብሎ ለተመለከተው ቀልድ ብቻ አይደለም። ዳኛው የደም ሕግን አልሻሩም፤ የከሳሹንም መብት አልነኩም፤ በድንገት የሆነውንና ሆን ተብሎ የተደረገውን ነገር ለይተው ማየት እንደሚገባ በአንድ ቃል አሳዩ። ዛሬ የወንጀል ሕግ በብዙ አንቀጽ የሚለየውን ነገር ያልተማረ ባላገር በዓይኑ እንዲያይ አደረጉት ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህን ፍርድ ለራሳቸው ለዳግማዊ ምኒልክ የሚሰጡም አሉ። እኛም ስንመረምረው አንድ ነገር ተገንዝበናል። በአገራችን የሚያስቅ ነገር ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሐና እንደሚሰጥ፣ ብልህ ፍርድም ሁሉ ለአባ መላ ይሰጣል። የተረቱ ግማሽ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ከፊሉም ከሩቅ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሕዝብ ያለ ምክንያት ተረቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አይጭንም። በዚያ ዘመን ደጃዝማቹ ብዙ፣ ራሱም ብዙ ነበር፤ ፍርዳቸው እስከ ዛሬ የሚነገርላቸው ግን ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ጥቂት እንመለስ። የጥንቱ አዲስ አበባ የተሠራው በሰፈር በሰፈር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለአንድ መኰንን ቦታ ሲሰጡት እርሱ ከኰረብታው ላይ ይሠፍራል፤ ወታደሮቹና አሽከሮቹ በዙሪያው ጐጆ ይሠራሉ፤ ሰፈሩም በመኰንኑ ስም ይጠራል። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ሰፈር ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲሉ የሚገኝ ሲሆን፣ ድልድዩም ከዚያ ስሙን ይዞ ቀርቷል። የዚያን ጊዜ ገበያው ገና በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያ ገበያ የነጋዴዎች አለቃ የሆነው ነጋድራስ ቀረጥ ከመሰብሰቡም በላይ የነጋዴውን ጠብ ይዳኝ ነበር። ገበያው አሁን ወዳለበት ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው ጣልያኖች አገራችንን በወረሩ ጊዜ ነው፤ መርካቶ የሚለውም ስም የመጣው ከእነርሱው ቋንቋ ነው። ነጋድራሱ ቢቀርም ልማዱ አልቀረም፤ በመርካቶ የዱቤ፣ የሽርክናና የቤት ኪራይ ጠብ ዛሬም ብዙውን ጊዜ ከፍርድ ቤት በፊት በሽማግሌ ፊት ይታያል። ወላጆቻችን ብዙዎቹ ነጋዴዎች ስለ ሆኑ ይህን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ መንግሥቱ ተናወጠ። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ ራስ ተሰማ ናደውም እንደራሴ ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ በመንግሥት ሥራ ላይ እጃቸውን እያበዙ መሄዳቸው መኳንንቱን ስላሳሰበ፣ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ገለል እንዲሉ ተደረገ፤ በዚህም ምክር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዋነኛ ነበሩ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እገሌ ተሾመ፣ እገሌ ተሻረ፣ እገሌ ታሰረ የሚለው ወሬ ብዙ ነው፤ ሁሉን ብንዘረዝረው መጽሔቱ ስለማይበቃን እንዝለለው። ሁሉም ሲወድቅና ሲነሣ ፊታውራሪው በቦታቸው መቆየታቸውን መናገር ይበቃል።

በልጅ ኢያሱ ዘመን መጨረሻ መኳንንቱና ካህናቱ ተማክረው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ግን ይህን ሰምተው ዝም ሊሉ አልቻሉም፤ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ሊያግዷቸው የወጡት ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ከብዙ ሠራዊት ጋር አለቁ። አዲስ አበባ ተሸበረች። የመሐሉ ጦር ገና አልተሰበሰበም ነበር።

እዚህ ላይ አባ መላ የተሰኙበትን ሥራ ሠሩ ይባላል። ወደ ንጉሥ ሚካኤል መልእክት እየላኩ፣ ልባቸው ከእርሳቸው ጋር እንደ ሆነ በማስመሰል አዘናጓቸው፤ በዚህም መካከል ጦሩ ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ በጦሩ ላይ የበላይ አዛዥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። የአንድ አገር ልጆች በአንድ ቀን እንደዚያ የተላለቁበት ሜዳ ጥቂት ነው፤ ድሉን ብቻ እየዘከርን የሞቱትን ሳናስታውስ ማለፍ አይገባንም።

የመልእክቱን ነገር በተመለከተ እኛ በሁለት ተከፍለናል። ዳኛ የሆነ ሰው ቃሉ እንደ ሚዛን መሆን አለበትና ማታለል አይገባውም ያሉ አሉ። ሌሎቻችን ግን በጦር ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዳኛ ሳይሆን ተሟጋች ነው፣ ተሟጋችም ባላጋራውን ለመርታት በላ ልበልሃ ማለቱ የታወቀ ነው ብለን መለስን። ምናልባት የእኒህ ሰው አስቸጋሪ ነገራቸው ይኸው ነው፤ ጦርና ወንበር በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ የትኛው ሥራ በየትኛው ጠባይ እንደ ተሠራ መለየት ያዳግታል። ጆን ማርሻል ጦሩን ትቶ ነው ከወንበሩ ላይ የተቀመጠው። የእኛው ሰው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሁለቱንም እንደ ያዙ ኖሩ።

ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ የመንግሥቱ ሥራ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር ማለት ይቻላል። ንግሥቲቱ ዙፋኑን፣ አልጋ ወራሹ የዕለት ሥራውንና የውጭውን ጕዳይ፣ ፊታውራሪው ጦሩን ይዘው ነበር። ራስ ተፈሪ አዲስ ነገር የሚወዱ ወጣት ሲሆኑ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአሮጌው ሥርዓት የበሰሉና ለውጥን በጥርጣሬ የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። የተማረ ወጣት ሁሉ ራስ ተፈሪን ቢወድ አያስደንቅም፤ እኛም በዚያ ዘመን ብንሆን ወደ እርሳቸው ሳናደላ አንቀርም ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው መንገድ ዘግተው አልቆሙም፤ ወደ አንዱም ወገን ፈጽመው ሳያጋድሉ ሚዛኑን ጠብቀው ስለ ያዙት፣ ከሰገሌ በኋላ አገሪቱ ሁለተኛ የርስ በርስ እልቂት ሳታይ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየች።

ወታደሩ በእርሳቸው ላይ ያለው እምነት ምን ያህል እንደ ነበረ በ1910 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የመሐል ሰፋሪ ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ አገር በደሉ ሲል አቤት አለ፤ ሁሉም እንዲሻሩለትም ጠየቀ። መንግሥትም ሚኒስትሮቹን ሁሉ ሻረ። ሳይሻሩ የቀሩ አንድ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። የራሳቸው ጦር ስለ ሆነ ነው የሚል ሰው ቢኖር ከፊሉን እውነት ተናገረ፤ ግን ወታደር በአለቃው ላይ ሲነሣ ማየት በዓለም ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በየቀኑ በፊታቸው ሲሟገት የኖረ ሠራዊት ዳኛውን ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀረቱ፣ ለእኛ፣ ከተረቱ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው። ይህ ተረት አይደለምና።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን የመሰሉ ታላላቅ መኳንንት ይዘው ሄዱ። ፊታውራሪው ግን በአዲስ አበባ ቀሩ። ወራት ያህል አልጋ ወራሹ በሌሉበት ከተማ ጦሩን ሁሉ የያዘ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል እንደ ነበር ማንም ያውቃል፤ ራስ ተፈሪ ሲመለሱ ግን ሁሉን ነገር እንደ ተዉት አገኙት።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጵጵስና የቆዩት አቡነ ማቴዎስ ከእርሳቸው በጥቂት ቀን ቀድመው ዐርፈው ነበር። የምኒልክን ዘመን ከአዲሱ ዘመን ጋር አስረው የያዙት ሁለት ታላላቅ ሽማግሌዎች በአንድ ሰሞን አለፉ። የፊታውራሪው ጦርና ሰፊ ግዛታቸው ወደ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ ራስ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ዳኞች በንጉሠ ነገሥቱ ስም፣ በሕጉ መሠረት እንዲፈርዱም ተጻፈበት። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በዐዋጅ በደረጃ በደረጃ ተቋቋሙ፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታትመው ወጡ። በድንገት ከዛፍ ወድቆ ሰው የገደለ ሰው ምን እንደሚደረግበት ከዚያ ወዲህ ዳኛው የሚያየው ከመጽሐፍ ገልጦ ነው።